ድንኳን የሚመረጠው ለሌሊቱ ነው

ለዛሬ ስለ ድንኳን አመራረጥ እንጫወት። «ድንኳን ደግሞ ምን ይመረጣል? ጨርቅና ምሰሶ አይደለምን?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ዳሩ ግን በአገራችን የድንኳንን ያህል በደስታም በሐዘንም የማይለየን ዕቃ ጥቂት ነው። ሠርግ ሲሆን ድንኳን ይጣላል፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል፤ በከተራ ዕለት ታቦቱ ወርዶ በድንኳን ያድራል። ተማሪው የስሜንን ተራራ ለማየት ሲወጣ፣ መሬት ቀያሹና የሕዝብ ቆጣሪው ወደ ገጠር ሲሰማራ ማደሪያው ብዙ ጊዜ ድንኳን ነው። ይህን ያህል የምንገለገልበትን ነገር ስንገዛ ግን ቀለሙን አይተን፣ ዋጋውን ተከራክረን፣ ተሸክመን እንሄዳለን። ስሕተታችን የሚታወቀን ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት፣ ዝናቡ ከአንገታችን ላይ ሲንጠባጠብ ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ሱቁ ተዘግቷል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ለዕረፍት የሚወጡ ሰዎች ከመኪናቸው ኋላ አንዲት ትንሽ ቤት ቀጥለው ይጎትታሉ። አልጋዋም ምድጃዋም በውስጧ ነው። ያችን ቤት ለመግዛት የሚያስብ ብልህ ሰው በቅድሚያ መጋረጃዋን አይመለከትም። «መኪናዬ ይህን ክብደት ይስባልን? የምሄድበት መንገድ ያሳልፈኛልን? ስንት ሰው ይተኛባታል? በየትኛው ወራት ልወጣ ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። እኛ ተማሪዎችና ጀማሪ ሠራተኞች የሚጎትተው መኪና ራሱ የለንም። የእኛን ቤት የሚጎትተው ትከሻችን ነው፤ ቢበዛ የአንድ ገበሬ በቅሎ ነው። ጥያቄዎቹ ግን ያው ናቸው፤ እንዲያውም በእኛ ላይ ይጠናሉ። መኪና ሲከብደው ይቆማል፤ ትከሻ ግን ሲከብደው ዳገቱ መካከል ጭነቱን ያስጥላል።

የድንኳን ነገር ለአገራችን አዲስ ትምህርት አይደለም። «ከተማ» የምንለው ቃል ራሱ በቀድሞው ዘመን ንጉሡ ከነሠራዊቱ የሚሰፍርበትን ቦታ ያመለክት ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፣ የአፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር የድንኳን ከተማ እንደ ነበረ ጽፎልናል። በዚያ ሰፈር ውስጥ ድንኳን እንደ ተገኘ አይተከልም ነበር። የንጉሡ ድንኳን በመካከል ይሆናል፤ ሌላው በየማዕርጉ በቀኝና በግራ፣ በፊትና በኋላ ቦታው የታወቀ ነው። ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች፣ ፊታውራሪና ደጃዝማች የሚባሉት ማዕርጎች ሁሉ ከዚህ ከሠራዊቱ ሥርዓት የመጡ ናቸው፤ ደጃዝማች ማለት የንጉሡ ደጅ አዝማች ማለት ነውና። ሰፈሩ የሚመረጠው ውሃው፣ ሣሩና ማገዶው ታይቶ ነው፤ ማገዶው ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል። አፄ ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ ተቀመጡ፤ ልጃቸው አፄ ፋሲል ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1636 ጎንደርን ቆርቁረው የድንኳኑን ኑሮ በድንጋይና በኖራ ለወጡት። እንግዲህ እኛ የጎንደር ልጆች ድንኳን ነቅለው ግንብ የሠሩ ሰዎች ልጆች ነን። ከእነዚያ ሰዎች ግን አንድ ነገር ልንማር ይገባናል፤ እነርሱ ድንኳኑን ሳይተክሉ ቦታውን ይመለከቱ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት አድራለሁ?» የሚለው ነው። ለዚህ ከእኛው አገር የተሻለ ማስረጃ አላገኝም። ኮላ ድባ ያለችው በደምቢያ ሜዳ ነው። ወደ ደቡብ ወረድ ቢሉ ጎርጎራና ጣና ይገኛሉ፤ የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው። በጎንደር በኩል አልፈው በደባርቅ ወደ ስሜን ቢወጡ ደግሞ ሳንቃ በር ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ግጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ተማሪዎች፣ እርሳሳችሁን አንሡና አስሉት፤ የ1,800 ሜትር ልዩነት ማለት የ11 ዲግሪ ያህል ልዩነት ነው። በጎርጎራ ዳርቻ ሌሊቱ 13 ዲግሪ ሲሆን በግጭ 2 ዲግሪ ሊሆን ነው። ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት ደግሞ ከዚያም ይወርድና ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል። ማልዶ ጎርጎራ ላይ የነበረ ሰው በዚያው ቀን ግጭ ላይ ሊያድር ይችላል፤ ነገር ግን የጎርጎራው ድንኳን ለግጭ ሌሊት አይሆነውም።

ለደምቢያና ለጣና ዳርቻ የሚሆነው ድንኳን ነፋስ የሚያስገባ፣ መስኮቱና በሩ በጥሩ መረብ የተሸፈነ ነው። መረቡ ከቀለሙም ከስፋቱም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ወባ በዚህ አገር ተረት አይደለችም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በ1954 ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በጎንደር ተከፈተ። በ1958 ደግሞ ወባ በሰፊው የአገራችን ክፍል ተነሥቶ 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ተገምቷል። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናደፈው ከመሸ በኋላ ነው፤ እኛም ድንኳን ውስጥ የምንሆነው ያን ጊዜ ነው። መረቡ አንድ ቀዳዳ ካለው ቀዳዳውን ስፉት፤ ድንኳኑ መረብ ከሌለው ከቤታችሁ አጎበሩን ይዛችሁ ውጡ። ለመስክ ሥራ የተላከ ወጣት ሠራተኛ ወባ ይዞት ቢመለስ ያልተሠራው ሥራ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ትኩሳቱ ግን የእርሱ ነው።

ለስሜን የሚሆነው ደግሞ ዝቅ ያለ፣ ነፋስ የማይገለብጠው፣ ድርብ ድንኳን ነው። ድርብ ስል ውስጡ ስስ ጨርቅ ሆኖ በላዩ ሌላ ዝናብ የማያስገባ ልባስ ያለውን ማለቴ ነው። ሰው ተኝቶ ሲተነፍስ ከትንፋሹ እንፋሎት ይወጣል፤ እንፋሎቱም ከቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ውሃ ይሆናል። ነጠላ ናይሎን ድንኳን ውስጥ ያደረ ሰው ጠዋት ልብሱ ርሶ ሲያገኘው «ድንኳኑ ያፈሳል» ብሎ ነጋዴውን ይረግማል፤ ውሃው ግን የገዛ ትንፋሹ ነው። ድርብ በሆነው ድንኳን ውሃው ከውጭኛው ልባስ ላይ ይቀራል። ቢሆንም የአየር መተንፈሻውን ብርድ ፈርታችሁ አትድፈኑት።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው አንድ ነገር አለ። በብርድ ሌሊት የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን ማስገባትን የሚመክር ወዳጅ አይጠፋም። ይህን ምክር አትቀበሉ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ ይወጣዋል። ይህ መርዝ ጢስ የለውም፤ ሽታ የለውም፤ አያስነጥስም፤ አያስለቅስም። እንቅልፍ የመጣ ይመስላል፤ እርሱም የማይነቁበት እንቅልፍ ነው። የዛሬ ጊዜ ድንኳን ደግሞ ከናይሎንና ከፖሊስተር ስለሚሠራ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ምግብ ከውጭ ይበሰል፤ ሙቀት ከልብስ ይፈለግ። ብርዱ ብዙውን ጊዜ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው የሚመጣው፤ መሬቱ የሰውነታችንን ሙቀት ይመጠዋል። አያቶቻችን ይህን ሳይማሩ ያውቁት ነበርና ጀንዲ ሳያነጥፉ አይተኙም ነበር። እናንተም በላያችሁ ሁለት ጋቢ ከመደረብ አንዱን ከታች አንጥፉት። ጋቢ ጥጥ ስለሆነ ከረጠበ አያሞቅም፤ ሱፍ ግን ረጥቦም ጥቂት ይረዳል።

ሁለተኛው ጥያቄ «መቼ ነው?» የሚለው ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወራት ትልቁ ጠላት ብርድ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ዝናብ ነው። በብዙ ዘመናዊ ድንኳኖች ላይ 1,500 ወይም 3,000 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር ተጽፎ ታያላችሁ። ምስጢር አይደለም። ጨርቁ ላይ ቀጥ ያለ የውሃ ዐምድ ቢቆም፣ ውሃው ጨርቁን ሳያልፍ እስከ ስንት ሚሊ ሜትር ሊደርስ እንደሚችል ያመለክታል። 3,000 ማለት የሦስት ሜትር የውሃ ዐምድ መቻል ነው። ለበጋ ትንሹ ይበቃል፤ ለክረምት ግን ከፍ ያለው ይፈለጋል። ወለሉ ከጣሪያው ይልቅ ብርቱ መሆን አለበት፤ ጉልበታችንና ክርናችን ሲጫነው እርጥቡን መሬት በኃይል ይነካዋልና። ቁጥሩ ብቻም አይበቃም፤ ስፌቱን ከውስጥ በኩል ተመልከቱ። ዝናብ በብዛት የሚገባው በመርፌ ቀዳዳ ነው። ስፌቱ ላይ የተለጠፈ የፕላስቲክ ጥብጣብ ካለ ማለፊያ ነው። የጥጥ ሸራ የገዛ ሰው ደግሞ ከመጓዙ በፊት አንድ ጊዜ አርጥቦ ያድርቀው፤ ክሩ አብጦ የመርፌውን ቀዳዳ ይደፍነዋል።

የወራቱ ነገር ካስማውንም ይመለከታል። የደምቢያ ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ በክረምት ደግሞ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ከድንኳኑ ጋር የሚሸጠው ቀጭን ሽቦ መሳይ ካስማ በክረምቱ ዋልካ ውስጥ ነፋስ ሲመጣ ተነቅሎ ይወጣል። ለዚህ ረዥምና ጠፍጣፋ ካስማ ያስፈልጋል፤ ከወይራ ተጠርቦ ቢሠራም ይሆናል። በስሜን ግን ከሣሩ ሥር ድንጋይ ስላለ ቀጭኑ ካስማ ይጎብጣል፤ እዚያ አውታሩን ከከባድ ድንጋይ ጋር ማሰር ይሻላል። በሜዳችን ድንኳኑን ዙሪያውን ቦይ ማውጣት የተለመደ ነው። በፓርኩ ውስጥ ግን መሬት መቆፈር ደግ አይደለም፤ በጥቂቱ ያዘነበለ ቦታ መምረጥ ይበቃል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 የተቋቋመ፣ በ1978ም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የሁላችን ሀብት ነው። ዋልያው ሣሩን የሚፈልገው እኛ ከሄድን በኋላም ጭምር ነው።

ሦስተኛው «ስንት ሆነን?» የሚለው ነው። በዚህ ላይ የፋብሪካው አቆጣጠርና የእኛ አቆጣጠር አይገናኝም። ፋብሪካው «የአራት ሰው» ሲል አራት ሰዎች ሻንጣቸውንና ጫማቸውን ውጭ ትተው፣ እንደ ክብሪት እንጨት ጎን ለጎን ተኝተው ማለቱ ነው። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ አንድ ቀንሱ፤ የአራት ሰው የተባለውን ለሦስት ግዙት። ደግሞም ስፋት ሲበዛ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ። ሁለት ሰው በስድስት ሰው ድንኳን ውስጥ በስሜን ቢያድር ባዶውን አየር ሲያሞቅ ይነጋበታል።

አራተኛው «ማን ይሸከመዋል?» የሚለው ነው። ለሁለት ሰው የሚሆን ዘመናዊ ድንኳን ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ይመዝናል፤ ምሰሶውን አንዱ፣ ጨርቁን ሌላው ቢይዝ ለማንም አይከብድም። የሸራው ድንኳን ከነምሰሶውና ከነካስማው ግን የአንድ በቅሎ ጭነት ሊሆን ይችላል። ሸራ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለወር ለሁለት ወር በአንድ ቦታ ለሚሰፍሩ ሠራተኞች ከናይሎን ይልቅ እርሱ ይሻላል። የደጋ ፀሐይ ናይሎንን ያሳሳዋል፤ ለብዙ ሳምንት ተተክሎ የከረመ ናይሎን እንደ ወረቀት ይቀደዳል። ሸራ ግን ፀሐዩን ይችላል፤ ቢቀደድም የመንደሩ ልብስ ሰፊ ይጠግነዋል። እንግዲህ ለሚሄድ ሰው ቀላሉ፣ ለሚቀመጥ ሰው ከባዱ ነው።

የመንግሥት ሠራተኞች ወዳጆቼ «እኛ ምን ምርጫ አለን? ከግምጃ ቤት የተሰጠንን ይዘን እንወጣለን» ትሉኝ ይሆናል። ምርጫ ባይኖር ምርመራ አለ። በዋዜማው ድንኳኑን ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ዘርጉት። ካስማውን ቁጠሩ፤ ዚፑን ሳቡት፤ አውታሩን ጎትቱት፤ በላዩ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሱበት። የጎደለ ካለ ሳትፈርሙ አመልክቱ። በግቢ ውስጥ የተገኘ ጉድለት የአንድ ማስታወሻ ጉዳይ ነው፤ ከበረሃ ሲገኝ ግን የጤና ጉዳይ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ወደ ታላቁ ድንኳን እንለፍ፤ እርሱም የእድሩ ነው። ወጣት ሠራተኛ በሰፈሩ ጸሐፊ ወይም ገንዘብ ያዥ ሆኖ መመረጡ የተለመደ ስለሆነ ይህ ነገር ይመለከታችኋል። የእድር ገንዘብ የመበለቲቱ፣ የሸክላ ሠሪዋ፣ የቀን ሠራተኛው ሳንቲም ነው። በእርሱ የሚገዛ ድንኳን በችኮላ ሊገዛ አይገባውም። የእድር ድንኳን የሚመረጠው ለሐዘንተኛው ነው፤ ቤቱ ጠባብ የሆነበት ሰው በሰው ፊት ሳያፍር ለቀስተኛውን ተቀብሎ የሚያስቀምጥበት ቤት እርሱ ነውና። ስለዚህ በአንድ ግዙፍ ድንኳን ፈንታ ሊገጣጠሙ የሚችሉ ሁለት መካከለኛ ድንኳኖች መግዛት ብዙ ጊዜ ይሻላል። በአንድ ቀን ሁለት ቤት ሐዘን ቢደርስ አንደኛው ቤተሰብ በፀሐይ አይቀመጥም፤ በጠባቡ የሰፈር መንገድም ይተከላል። ብረቱን በየወገኑ በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ሐዘን የመጣው በጨለማ ቢሆን ማንም ሰው ያለ አስተማሪ እንዲገጥመው ነው። ከሁሉም በላይ ሳይደርቅ አይጠፍ። እርጥብ ተጠፍፎ ግምጃ ቤት የገባ ሸራ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሻግታል፤ ከዚያ በኋላ ድንኳኑን የሚነካው አይጥ ብቻ ይሆናል።

ዋጋን በሚመለከት ምክሬ አጭር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚወጣ ተማሪ ድንኳን መግዛት ብክነት ነው፤ ይከራይ፤ ነገር ግን ሳይዘረጋ አይረከብ። በየዓመቱ የሚወጡ አምስት ጓደኛሞች ካሉ እንደ እቁብ አዋጥተው በመጠኑ ደኅና የሆነውን አንድ ድንኳን ቢገዙ፣ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ርካሽ ከሚገዙ ይልቅ ያተርፋሉ። ማን እንደሚያስቀምጠውና ማን እንደሚጠግነው ግን በወረቀት ይጻፍ፤ የጋራ ዕቃ ጠባቂ ከሌለው የማንም አይሆንም። ለጉዞም ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ጠይቁ፤ ወደ ስሜን የምትወጡም ከሆነ በደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃዳችሁን አውጡ። ምንም ያህል ጥሩ ድንኳን ያልተጠየቀ መንገድን አያስተካክልም።

እንግዲህ ነገሩ ሲጠቀለል ይህ ነው። ድንኳን ሻጩ የሚያሳያችሁ ቀን ነው፤ እናንተ የምትገዙት ግን ሌሊት ነው። የት፣ መቼ፣ ስንት ሆናችሁ፣ በማን ትከሻ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ቀለሙን እንደ ወደዳችሁ ምረጡ፤ በዚህ አልከለክላችሁም። ከገዛችሁም በኋላ የመጀመሪያዋን ሌሊት በገዛ ግቢያችሁ እደሩባት። ጎረቤት ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ። መጥኖ መደቆስ ድስት ጥዶ ከማልቀስ ይሻላል።